ሐጅን በካርቶንና በሽምብራ፦ ለደሴ ልጆች የሳሎን ጨዋታ

አረፋ ሲቃረብ ልጆች «ሐጅ ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ለትንሽ ልጅ ከማብራራት ማስዞር ይሻላል።

ባዶ ካርቶን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፤ ከላይ ዝቅ አድርጋችሁ ቢጫ ጥብጣብ አዙሩበት። በመካ ያለው ቅዱስ ቤት፣ ካዕባ፣ ሆነ። አንዱን ማዕዘን ምልክት አድርጉበት፤ ጠዋፍ (ካዕባን መዞር) የሚጀምረውም የሚያልቀውም እዚያ ነው፣ 7 ዙር። ልጆች የሚሳሳቱት አቅጣጫውን ነው፤ ካዕባው በግራቸው መሆን አለበት። ግራ እጃቸው ላይ ክር እሰሩ፤ ክሩ በካርቶኑ በኩል ካልሆነ ተገልብጠዋል። 7 ሽምብራ ይያዙና በየዙሩ አንዷን ስኒ ውስጥ ይጣሉ። (ቤት ውስጥ ገና የሚድህ ካለ ሽምብራው ይቅር፤ ያንቀዋል።)

ለሰዕይ (በሰፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል መመላለስ) ሁለት ትራስ ይበቃል፤ አንዱ ሰፋ፣ ሌላው መርዋ። ከሰፋ ይጀምሩ፤ መሄዱ 1፣ መመለሱ 2 ነው፤ 7ኛው መርዋ ላይ ያልቃል። ሰፋ ላይ ካለቀ ደርሶ መልሱን አንድ ብለው ቆጥረዋል። ሃጀር ለልጇ ለኢስማዒል ውሃ ፍለጋ መሮጧን ሲያለከልኩ ንገሯቸው።

ለወንዶቹ ጥለት የሌለው ሁለት ነጭ ጨርቅ አልብሱ። የደሴ ብርድ አይታመንምና ሹራባቸውን አታስወልቁ፤ እውነተኛው ኢሕራም (የሐጅ ልብስ) ስፌት እንደሌለው መናገር ይበቃል።

ሐጃጆች ጀምራ ወደሚባሉት ሦስት ዒላማዎች የሚወረውሩትን ጠጠር በወረቀት ተኩት፣ በሽምብራ ልክ የተጠቀለለ። በዒዱ ቀን የሚወረወረው ወደ አንዱ ጀምራ ብቻ ነው፣ 7 ጠጠር። ዒላማው ከመስኮት ይራቅ።