ቻርቱ «ያንሳል»ን አያውቅም፦ ኢ-እኩልነትን በኤክሴል ስንስል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነን። ውጭ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሷል። ተማሪዎቼ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጠጋግተዋል። የዕለቱ ሥራ ኢ-እኩልነትን፣ ክፍል ውስጥ «ኢንኢኳሊቲ» የምንለውን፣ «ያንሳል» ወይም «ይበልጣል» የሚል የሒሳብ አረፍተ ነገር፣ በኤክሴል መሳል ነው።

ጥያቄውን ያመጣሁት ከባቲ ነው። ባቲ ሲባል ብዙ ሰው ቅኝቱ ትዝ ይለዋል። የኛ ልጆች ግን ቀድሞ የሚታያቸው የሰኞው ገበያ ነው። አንድ ነጋዴ 120 ሺህ ብር ይዞ ወጣ እንበል። በግ 8 ሺህ፣ ፍየል 6 ሺህ ነው። (ዋጋው ለስሌት እንዲመች ያልኩት ነው፤ ገበያ ወጥታችሁ እንዳትጣሉኝ።) መኪናው ቢበዛ 18 ይጭናል። የበጉን ቁጥር «በ»፣ የፍየሉን «ፍ» ካልነው፦

8በ + 6ፍ ≤ 120
በ + ፍ ≤ 18

በጉን አግድም፣ ፍየሉን ሽቅብ እንስላለን። ቀላል ይመስላል። ችግሩ የኤክሴል ቻርት «ያንሳል፣ ይበልጣል» የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የሰጣችሁትን ቁጥር ብቻ ነው። ቀሪው የናንተ ሥራ ነው፤ ስህተቱም እዚያው ይፈለፈላል።

ምልክቱን መገልበጥ መርሳት

ኤክሴል ጋ ከመቀመጣችሁ በፊት ወረቀት ላይ «ፍ»ን ለብቻዋ አውጡ። የብሩ ፍ ≤ 20 − 8በ/6 ይሆናል። የመኪናው ፍ ≤ 18 − በ። እስከዚህ ሰላም ነው። «በጉ ፍየሉን ከ3 በላይ አይብለጠው» ብዬ ስጨምር ግን ክፍሉ ተተራመሰ። በ − ፍ ≤ 3 ነው። ብዙዎቹ ፍ ≤ በ − 3 ብለው ጻፉ። በኔጌቲቭ ስናባዛ ምልክቱ ይገለበጣል፤ ትክክሉ ፍ ≥ በ − 3 ነው። ከተጠራጠራችሁ ዜሮ በግና ዜሮ ፍየል አስገቡ። መጀመሪያው ላይ 0 ≤ 3፣ እውነት። የተሳሳተው ላይ 0 ≤ −3፣ ውሸት። አንዱ እውነት ሌላው ውሸት ከሆነ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው።

ላይን ቻርት መምረጥ

ይሄኛው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ስሙ ራሱ ያታልላላ። የምንስለው መስመር ነው፣ ቻርቱም «ላይን» ይባላል፣ ታዲያ ምን ልምረጥ? አንዷ ተማሪ በግ 0፣ 6፣ 9፣ 15 ብላ፣ ፍየሉን 20፣ 12፣ 8፣ 0 አወጣች። ስሌቷ ልክ ነው። ላይን ቻርት ስታደርገው ግን መስመሩ ተንጋደደ። «ቲቸር፣ ቀጥ ያለ መሆን አልነበረበትም?» አለችኝ።

ነበረበት። ላይን ቻርት የአግድሙን ቁጥር እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ስም ነው የሚያየው። ለሱ ከ0 እስከ 6 እና ከ6 እስከ 9 ያለው ርቀት አንድ ነው፤ እኩል እኩል አድርጎ ይደረድራቸዋል። ስለዚህ አንዱ ጋ 8 ይወርዳል፣ ቀጥሎ 4፣ ከዚያ ደግሞ 8። መሰበሩ አይቀርም። መፍትሔው ስካተር ነው፤ እሱ የአግድሙንም ቁጥር እንደ ቁጥር ያያል። ኢንሰርት ውስጥ ገብታችሁ ቀጥታ መስመር ያለውን ስካተር ምረጡ።

አንድ ነገር ግን ልመን። የበጉን ቁጥር 0፣ 1፣ 2 እያላችሁ እስከ 15 በእኩል ርምጃ ከሞላችሁት ላይን ቻርትም አያጣምመውም። ይሄ መልሱ ያለበትን ቦታ ቀለም መቀባት ጋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

የዶላር ምልክቷን መዝለል

120ውን አንድ ሴል ላይ ለብቻው አስቀምጣችሁ ፎርሙላችሁ ከዚያ እንዲያነብ ካደረጋችሁ ብልህ ናችሁ፤ ብሩ ሲቀየር አንድ ቦታ ብቻ ትነካላችሁ። ነገር ግን ፎርሙላውን ወደ ታች ስትጎትቱት የ120ው ሴል ስምም አብሮ ይወርድና ከሥሩ ያለውን ባዶ ሴል ያነባል። የመጀመሪያው ረድፍ 20 ይላል፤ ሁለተኛው −1.33። ከ20 ፍየል በአንድ በግ ወደ ዕዳ! የሴሉን ስም በዶላር ምልክት እሰሩት፤ E1 ከሆነ $E$1 ብላችሁ። የማባዣ ኮከቧንም አትርሱ፤ ወረቀት ላይ 8በ ያልነውን ኤክሴል ያለ ኮከብ አይቀበለውም።

«ቢበዛ» እና «በታች»ን ማምታታት

አማርኛችን እዚህ ጋ ይረዳል፣ ካዳመጥነው። «ቢበዛ 18» ሲባል 18 ራሱ ይገባል፤ መስመሩ ድፍን ነው። «ከ18 በታች» ሲባል ግን 18 ውጭ ነው፤ መስመሩ ቁርጥራጭ መሆን አለበት። ኤክሴል ሁሉንም ድፍን አድርጎ ይስላል። መስመሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፎርማት ውስጥ የዳሽ ዓይነቱን ካልቀየራችሁ ማንም አይቀይርላችሁም።

ሁለቱንም መስመር ቀለም መቀባት

ልጆቹ ለብሩም ለመኪናውም መስመር ኤርያ ቻርት፣ ከመስመሩ በታች ያለውን ቀለም የሚቀባውን፣ ያደርጋሉ። አንዱ ቀለም ሌላውን ይሸፍነዋል፣ የትኛው መልስ እንደሆነ አይለይም። የሚፈለገው ሁለቱንም የሚያሟላው ነው፤ ማለትም በየረድፉ ከሁለቱ ትንሹ። ስለዚህ አራተኛ ዓምድ ክፈቱና «ሚን» በሚለው ፎርሙላ ትንሹን አውጡ። ከዚያ የተለያየ ዓይነት ቻርት በሚያደባልቀው ኮምቦ ቻርት ውስጥ ሁለቱን መስመሮች ላይን፣ ይሄን ዓምድ ብቻ ኤርያ አድርጉት። ቀለሙ መጀመሪያ የመኪናውን መስመር ይከተላል። 6 በግና 12 ፍየል ላይ መስመሮቹ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ የብሩን ተከትሎ ይወርዳል። በግራ በኩል በቀለሙና በቋሚው መስመር መሀል ክፍተት ካያችሁ፣ የአግድሙን መስመር ፎርማት ከፍታችሁ ነጥቦቹ የመስመሩ ምልክቶች («ቲክ ማርክ») ላይ እንዲያርፉ አድርጉ።

ሰንጠረዡን ከ15 አሳልፎ 20 ድረስ የሞላ ልጅም ነበር። ቀለሙ ከዜሮ በታች ወረደለት፤ መጨረሻው ላይ −6.67 ፍየል። ትልቁን የሚያወጣውን «ማክስ»ን ከዜሮ ጋር ጨምሩበት፣ ወይም 15 ላይ አቁሙ።

ቁመታም መስመርን በእጅ መሳል

«ቢያንስ 4 በግ» ሲመጣ «ፍ» የለችም፣ ፎርሙላም የለም። ልጆቹ ከቅርጾቹ መስመር አንስተው ቻርቱ ላይ ይለጥፋሉ። ቻርቱን ስታሰፉት ግን መስመሩ 4 ላይ ለመቆየቱ ዋስትና የለም። ስካተር ላይ ሁለት ነጥብ ስጡት፤ 4 እና 0፣ 4 እና 20። አለቀ።

ግማሽ በግ

አንዱ ተማሪ አጎቱ እውነትም ባቲ ነው የሚነግደው። ግራፉን በስልኩ አንስቶ አሳየው። አጎትየው ጣቱን የብሩ መስመር ላይ አሳርፎ «እዚህ ጋ ስንት ነው?» አለው። «7 ተኩል በግ፣ 10 ፍየል።» «ተኩሉን ማን ሊነዳው ነው?»

ልጁ አፍሮ ነገረኝ። አብሽር አልኩት፤ ስህተቱ የኔም ነበር። ቀለሙ የሚሸፍነው ቦታ ሁሉ መልስ አይደለም፤ እንስሳ ሲሆን ሙሉ ቁጥር ላይ ያረፉት ነጥቦች ብቻ ናቸው። በማግስቱ አምስተኛ ዓምድ ጨመርን፤ «ኢንት» የሚለው ፎርሙላ ክፍልፋዩን ቆርጦ ይጥላል። 7 በግ ላይ 10.67 የነበረው 10 ሆነ። 7 በግና 10 ፍየል 116 ሺህ ነው፤ ለጫኝና ለሻይ 4 ሺህ ይተርፋል።