ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን በየቀኑ መመገብ፦ እንዴት ይጀመራል፣ ሳይቋረጥስ እንዴት ይቀጥላል?

ጠዋት ምንም ሳይቀምስ የመጣ ልጅ ያስታውቃል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ሲሆን ጭንቅላቱን ዴስኩ ላይ ያስደግፋል። መምህሩ ሲጠራው ቀስ ብሎ ቀና ይላል። የተጠየቀውን ግን አልሰማም። ምናልባት ሰነፍ የሚል ስም ወጥቶለት ይሆናል። ልጁ ግን ርቦታል።

ይህን ልጅ መመገብ ይቻላል። ከባዱ ነገር በየቀኑ መመገብ ነው። አንድ ሳምንት አብልቶ ሁለት ሳምንት መዝጋት ልጁን ይጎዳዋል። እናቱ «እሱ እዚያ ይበላል» ብላ ቤት ያለችውን ለታናሹ ትሰጣለች። በዚያ ቀን ድስቱ ካልተጣደ ልጁ ከሁለት ያጣ ይሆናል።

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች የበሰለ ምግብ እንዲያቀርቡ አዝዞ ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ቢያንስ 300 ካሎሪና ከ8 እስከ 12 ግራም ፕሮቲን አለ። ቀጥሎም «በዓመት ቢያንስ ለ200 ቀናት» የሚል ጨመረበት። እኔ ከትእዛዙ ሁሉ የምወዳት ይቺን 200 ናት። ምገባ ለመጀመር የሚያስብ ሰው ግድግዳው ላይ ይለጥፋት። የሚወስነው ነገር ሁሉ 200 ቀን መዝለቅ አለመዝለቁን በእሷ ይለካ።

መጀመሪያ፦ ልጆቹን ራሳችሁ ቁጠሩ

የተመዘገበ ሌላ፣ ክፍል የሚገኝ ሌላ። ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ እየዞራችሁ ክፍል ውስጥ ያለውን ልጅ ቁጠሩ። ከዚያ ባገኛችሁት ቁጥር ላይ ጨምሩ። ምግብ መጀመሩ ሲሰማ ቀርተው የነበሩት ይመለሳሉ፤ ታናናሾቻቸውንም አስከትለው ይመጣሉ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ያልተዘጋጀ ሰው ግን በሁለተኛው ሳምንት እህሉ ያልቅበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማን ይብላ የሚለው ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የባሰባቸውን ልጆች መርጦ መመገብን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ስማቸው እየተጠራ ከክፍል የሚወጡ ልጆች «ድሆቹ» ተብለው ይቀራሉ። አንዳንዱ እንዲያውም እየራበው «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ይህን የሚል የ8 ዓመት ልጅ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያየ ሰው ስለ መምረጥ ደግሞ አያወራም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ያለው የሌለው ሳትል ለተማሪዎቿ ነፃ ምግብ ታቀርባለች። ያኔ ከጦርነት የወጣችና የተቸገረች አገር ነበረች።

ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ በክፍል ለዩ። ለምሳሌ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉት በሙሉ ይብሉ። ዓመት ሲዞር አራተኛን ጨምሩ። በቤተሰብ ኑሮ ግን አትለዩ።

ሁለተኛ፦ አስሉ

ይህን ክፍል ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። ግማሽ ቀን ለሚማር ልጅ የትምህርት ቤቱ ምግብ የቀን ፍላጎቱን ሲሶ ገደማ ቢሸፍን ጥሩ ነው። ለዚህ የሚሆን ቀላል መነሻ አለ፤ ለአንድ ልጅ 150 ግራም እህል፣ 30 ግራም ጥራጥሬ፣ 10 ግራም ዘይት፣ 3 ግራም ጨው። ሁሉም ከመብሰሉ በፊት የተመዘነ ነው። ሲደመር 700 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ለትንንሾቹ ቀነስ፣ ለትልልቆቹ ጨመር ይደረጋል።

300 ልጆች አሉ እንበል። በቀን 45 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 3 ኪሎ ዘይትና 900 ግራም ጨው ያስፈልጋል ማለት ነው። አሁን በ200 ቀን አባዙት። 90 ኩንታል እህል፣ 18 ኩንታል ጥራጥሬ፣ 600 ኪሎ ዘይት፣ 180 ኪሎ ጨው ይመጣል። «ትንሽ ነገር ነው የምንሰጣቸው» ሲባል የነበረው ነገር እዚህ ላይ መጋዘን የሚሞላ ይሆናል። ማስላቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለውን ምረጡ። የአዮዲን እጥረት የልጅን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ መከላከያው ደግሞ ይቺው ጨው ናት። በተቻለ መጠን አትክልትም ጨምሩ። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ያለው አይረን ቫይታሚን ሲ ካለው ነገር ጋር ሲበላ ሰውነት በተሻለ ይወስደዋል። ከምግቡ ጋር ሻይ ማጠጣት ግን ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ቢቀር ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ገንዘቡ

የአንድ ሳህን ምግብ ዋጋ የእህሉ ዋጋ ብቻ አይደለም። ማገዶ ወይም ጋዝ አለ። ማጓጓዣ አለ። የምግብ አብሳዮች ክፍያ አለ። ሳሙና፣ የሚሰበር ሳህን፣ ነቀዝ የሚበላው እህል አለ። እነዚህን ሳይደምሩ የጀመሩ ሰዎች እህል መጋዘን ሞልቶ በማገዶ ምክንያት ድስት ሳይጥዱ ይውላሉ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። የሦስት ወር ምግብ መጋዘን ሳይገባ፣ ወይም ገንዘቡ እጃችሁ ሳይደርስ አትጀምሩ። ቃል የተገባ ገንዘብ ድስት ውስጥ አይገባም። በቂ ካልሆነ የልጆቹን ቁጥር ቀንሱ እንጂ ቀኖቹን አትቀንሱ። ሜሪስ ሚልስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ማላዊ ውስጥ ሲጀምር የሚመግበው 200 ልጆችን ነበር። ዛሬ በተለያዩ አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆች በትምህርት ቀን ሁሉ ከሱ ይበላሉ። በትንሹ መጀመር አያሳፍርም።

ግዢውን በተቻለ መጠን በአቅራቢያ ካሉ ገበሬዎች አድርጉ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻዎች ለሚገዛ ምግብ እንዲውል ደንግጋ ነበር። ገበሬው የሚገዛው እንዳለ አውቆ ይዘራል። የማጓጓዣው ወጪም ይቀንሳል። ደግሞ ከሻጮቹ ብዙዎቹ እዚያው የሚማሩት ልጆች ወላጆች ናቸው። ከአንድ ሻጭ ብቻ ግን አትገዙ፤ እሱ የቀረ ቀን ልጆቹም ይቀራሉ። እህሉን አዝመራ ሲገባ፣ ዋጋው ወረድ ሲል ግዙ።

አራተኛ፦ ወጥ ቤትና መጋዘን

ጭስ የሚያስወጣ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ አሠሩ። በየቀኑ ለ300 ሰው የምታበስል ሴት በየቀኑ ጭስ መዋጥ የለባትም። ልጆች ማገዶ ተሸክመው እንዲመጡ ግን በፍጹም አይጠየቁ። ማገዶ ያላገኘ ልጅ ትምህርት ቤት ላይመጣ ይችላል።

ለአብሳዮች መክፈል ከቻላችሁ ክፈሉ። ካልቻላችሁ ወላጆች በፈረቃ ይሥሩ፤ ማን መቼ እንደሚመጣ ተጽፎ ይለጠፍ። አንድ ደንብ ግን አይታለፍ፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛት አብሳይ ክፍያዋ ሳይቆረጥ ቤቷ ትረፍ። ክፍያው የሚቆረጥ ከሆነ ሕመሟን ደብቃ ትመጣለች። አይፈረድባትም።

መጋዘኑ ደረቅ ይሁን፣ አየር ያግኝ፣ ይቆለፍ። ጆንያ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ከእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል። ከግድግዳም ራቅ ይበል፤ ሰው ዞሮ ማየት መቻል አለበት። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። የሻገተ እህል ካገኛችሁ ታጥቦም ተለቅሞም አይብሰል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊተው ይችላል፤ እሱ ደግሞ በመፍላት አይጠፋም።

አምስተኛ፦ ማብሰሉ

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምግብ ልጅን ሊገድልም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 ህንድ ውስጥ፣ በቢሃር ግዛት፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ምሳ የበሉ 23 ልጆች ሞቱ። የማብሰያው ዘይት በፀረ ተባይ ኬሚካል ተበክሎ ነበር። አብሳይዋ ዘይቱ ደህና እንዳልመሰላት ብትናገርም ቀጥይ እንደተባለች በጊዜው ተዘግቧል።

ከዚህ ሁለት ደንብ ይወጣል። አንደኛው፣ ፀረ ተባይ፣ ነጭ ጋዝ፣ የጽዳት ኬሚካል ምግብ ባለበት ክፍል አይገቡም። የኬሚካል ባዶ ዕቃ ደግሞ ታጥቦም ቢሆን ዘይት አይያዝበትም። ሁለተኛው፣ አብሳይዋ «ይሄ ነገር ደስ አላለኝም» ካለች ድስቱ ይወርዳል። ርእሰ መምህርም ቢሆን፣ ዕርዳታ ሰጪም ቢሆን ይህን ቃል መሻር የለበትም። ልጆቹ ከመብላታቸው ግማሽ ሰዓት በፊትም አብሳይዋና አንድ አዋቂ ይቅመሱ። የቀመሰው ሰው ይፈርም።

ሌላው የዕለት ሥራ ነው። ጥራጥሬው ማታ ይዘፈዘፍ፤ ቶሎ ይበስላል፣ ማገዶም ይቆጥባል። ቦሎቄ ከሆነ ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ ውኃው ይደፋ፤ ከዚያ በአዲስ ውኃ ለ30 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። የበሰለ ምግብ እሳት ዳር ትኩስ እንደሆነ ይቆይ እንጂ ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። የተረፈ ምግብ ለነገ አይባልም፤ የዚያኑ ዕለት ይበላ፣ ካልሆነ ይደፋ። እየተረፈ ካስቸገራችሁ ችግሩ ልኬታችሁ ላይ ነው።

እጅ መታጠቢያው ከሰልፉ መነሻ ላይ ይሁን። ሳሙና ይኑረው። ቧንቧ ከሌለ ክዳንና መክፈቻ ያለው በርሜል ይበቃል።

ስድስተኛ፦ ጭልፋው

የማደሉን ነገር ብዙ ሰው እንደ ቀላል ያየዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። አብሳይዋ መጀመሪያ ላይ እጇ ለጋስ ነው። ጭልፋዋ እየተቆለለ ይወጣል። ሰልፉ አጋማሽ ላይ ድስቱን አየት ታደርግና ጭልፋዋ ከአፉ እኩል ይሆናል። መጨረሻ ላይ የድስቱን ታች መቧጨር ትጀምራለች። ያ የመቧጨር ድምፅ ሰልፉ ጫፍ ያለች ልጅ ጋ ይደርሳል። አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሳህኗን በሁለት እጇ ትይዛለች። ሰልፉ ጫፍ የሚቀሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንንሾቹና ተጋፍተው ማለፍ የማይችሉት ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ልክ ያለው ጭልፋ ይመረጥ። የበሰለው ምግብ ስንት ጭልፋ እንደሚወጣው በመጀመሪያው ቀን ተለክቶ ይታወቅ። ጭልፋው አፉ ድረስ ይሞላና በቢላ ጀርባ ይስተካከል። ሰልፉን ከታናናሾቹ አስጀምሩ። ሁሉም ከበላ በኋላ ቢተርፍ ደግመው ይውሰዱ።

ሰዓቱንም አስቡበት። ከሩቅ በእግሩ የሚመጣ ልጅ እስከ ምሳ መቆየት ይከብደዋል። ለእንዲህ ያሉ ልጆች ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ወይም ረፋድ ላይ መስጠት የተሻለ ነው። ትምህርቱ ላይ ያለውን ለውጥ የምታዩትም ያኔ ነው።

ምግቡን ሳይበላ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ የሚከት ልጅ ታገኛላችሁ። አትቆጡት። ቤት ለቀረች እህቱ እየያዘላት ነው። ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት፤ እህቱን ትምህርት ቤት የምታስገቡበት መንገድ ካለ ፈልጉ።

መዝገቡ

በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍ፤ የወጣው እህል በኪሎ፣ የበሉት ልጆች ቁጥር፣ የተረፈው፣ የቀመሰው ሰው ስም። ስቶሩን የያዘው ሰውና የሚያበስለው ሰው አንድ ሰው አይሁን። በወር አንድ ጊዜ ወላጆች ራሳቸው ጆንያውን ይቁጠሩ። ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ምክንያቱ በዚያው ሳምንት ይታወቅ። የወሩ ሂሳብም በር ላይ ይለጠፍ፤ ሰው ያየውን ነገር ይረዳል፣ ያላየውን ያማል።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ

ረጅሙ ዕረፍት ሲመጣ ረሃቡ አብሮ አይዘጋም። አቅም ካለ በመዝጊያው ቀን ለየቤተሰቡ የሚወሰድ ደረቅ እህልና ዘይት ስጡ። እዚህም ላይ ልክ እንደ ሳህኑ ለሁሉም እኩል ይሁን። በዕረፍቱ ጊዜ ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ አውጥታችሁ አከፋፍሉ። ከዚያ መጋዘኑ ይጠረግ፣ የአይጥ ቀዳዳ ይደፈን።

የመክፈቻው ሳምንት እህል ግን አይነካ። ለ300 ልጆች፣ ለ5 ቀን፣ 225 ኪሎ እህልና 45 ኪሎ ጥራጥሬ ተመዝኖ ለብቻው ይቀመጥ። ማገዶውም አብሮ ይከመር። በመክፈቻው ጠዋት የመጀመሪያው ደወል ከመደወሉ በፊት ምድጃው መያያዝ አለበት።