ስማርት የበር ቁልፍ ከሆም አሲስታንት ጋር አልገናኝ ሲል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በሬዲዮ የሚታዘዝ የበር ቁልፍ እንደ ሆም አሲስታንት ካለ የቤት አውቶሜሽን ሥርዓት (የቤት ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ ከሚያዝ ሶፍትዌር) ጋር አልገናኝ ሲል፣ ወይም ተገናኝቶ ትእዛዝ አልቀበል ሲል፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚወስደው እርምጃ ቁልፉን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ነው። ይህ እርምጃ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ በቁልፉ ውስጥ የተመዘገቡትን የሚስጥር ቁጥሮች በሙሉ ያጠፋል፣ በመቆጣጠሪያው ዘንድ የሞተ መዝገብ ትቶ ይሄዳል፣ ዋናው መንስኤ ግን ብዙውን ጊዜ ካለበት አይነቃነቅም። ስልክ ላይ የሚታየው «ምላሽ የለም» የሚል መልእክት አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ መነሻው የበሩ መቃን፣ ባትሪው፣ የምስጠራ ኮዱ ወይም ሬዲዮው ሊሆን ስለሚችል፣ ፍተሻው በእጅ ከሚዳሰሰው ነገር ተነሥቶ ወደ ሶፍትዌሩ ቢሄድ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

እዚህ ለናሙና የተወሰደው እንደ ዬል ወይም ሽሌጅ ያለ፣ ዚ-ዌቭ በሚባለው፣ የቤት ዕቃዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ሬዲዮ የሚሠራ ባለ ቁጥር ገበታ ቁልፍ ነው። መቆጣጠሪያው ሆም አሲስታንት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የተሰካ የዩኤስቢ ስቲክ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ዚ-ዌቭ ጄኤስ ይባላል። ማንኛውም ሙከራ የሚጀመረው በሩን ከፍቶ ነው። በሩ ክፍት እንዳለ የሚስጥር ቁጥሩን በገበታው ላይ ያስገቡና ምላሱ፣ ማለትም ከበሩ ወጥቶ መቃኑ ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይመልከቱ። ይህን ካላደረገ ችግሩ የቁልፉ የራሱ ነው፤ ከሥርዓቱ ጋር ገና አልተያያዘም። ተራውን መክፈቻ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ከኪስዎ አያውጡት።

በሩ ሲዘጋ ሞተሩ ያጓራል፣ ሥርዓቱም «ተጣብቋል» ይላል

በሩ ክፍት ሲሆን በደንብ የሚሠራ ቁልፍ በሩ ሲዘጋ ከተንገዳገደ፣ ምላሱ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር እየተፋተገ ነው ማለት ነው። ይህን ብልሽት የቤቱ ሰዎች ለዓመታት ሳያስተውሉት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ሰው በእጁ ሲቆልፍ በሩን በትንሹ ሳብ ወይም ከፍ እያደረገ መክፈቻውን ያዞራል፣ ሞተር ግን በሩን የሚስብበት ሌላ እጅ የለውም። ስለዚህ ስማርት ቁልፍ ሲገጠም አዲስ ችግር የመጣ ይመስላል እንጂ በሩ ቀድሞውኑ የዘመመ ነበር።

መንስኤውን ለማረጋገጥ የምላሱን ጫፍ ኩል ወይም ሊፕስቲክ ቀብተው በሩን ይዝጉና ቁልፉን በእጅዎ ያዙሩት፤ ከዚያም ቀለሙ በመቃኑ ብረት ላይ የት እንዳረፈ ይመልከቱ። ቀለሙ ከቀዳዳው በታች ካረፈ በሩ ወርዷል፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ ቪቴዎች ማጥበቅ ይገባል። ቪቴዎቹ ዝም ብለው የሚዞሩ ከሆነ፣ በአሜሪካ የእንጨት ቤቶች እንደተለመደው አንዱን ቪቴ አውጥቶ በምትኩ ወደ 7.5 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ቪቴ ከመቃኑ ጀርባ ወዳለው ምሰሶ ማስገባት በሩን መልሶ ያነሣዋል። ቀለሙ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ብቻ ካረፈ ብረቱን በሞረድ ትንሽ መሞረድ ይበቃል። የቀዳዳው ጥልቀትም መለካት አለበት፤ ለዚህ ዓይነት ምላስ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፣ ከዚያ ካነሰ ምላሱ በቀዳዳው መጨረሻ ያለውን እንጨት በጫፉ እየገፋ ሞተሩ ይቆማል።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ ቁልፉ በሩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚከፈት መሆኑን እንደገና እንዲማር መደረግ አለበት። ብዙዎቹ ቁልፎች ይህን የሚማሩት በመጀመሪያው ማብራት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያን ጊዜ በሩ ተዘግቶ ከነበረ የተሳሳተ ልክ ይዘው ቀርተዋል።

የቁጥር ገበታው ይበራል፣ ሞተሩ ግን ይደክማል ወይም ትእዛዝ አልፎ አልፎ ይጠፋል

እዚህ ላይ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የባትሪ ድንጋዩ ነው። አብዛኞቹ ቁልፎች በአራት ደብል ኤ አልካላይን ባትሪ እንዲሠሩ የተነደፉ ሲሆን፣ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሆነ በድምሩ 6 ቮልት ይሰጣሉ። በቻርጅ የሚሞሉት የኒኬል ባትሪዎች ግን 1.2 ቮልት ብቻ ስለሆኑ አራቱ 4.8 ቮልት ይሆናሉ፤ ቁልፉም ገና ከጅምሩ ባትሪው እያለቀ ነው ብሎ ያምናል። የሊቲየም ባትሪዎች ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቮልታቸው እስከ መጨረሻው ሳይወርድ ቆይቶ በድንገት ስለሚያልቅ፣ ሆም አሲስታንት ላይ ገና ብዙ የቀረው መስሎ የታየ ቁልፍ በማግሥቱ ሊሞት ይችላል። አራቱንም ድንጋዮች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት አዲስ አልካላይን መተካት ይበጃል። እንደ ሚኒሶታ ወይም ስዊድን በረዶ በሚበረታበት አገር ለሚኖሩ ደግሞ፣ አልካላይን በብርድ ስለሚዳከም ባትሪው እያለቀ ነው የሚለውን ማስጠንቀቂያ መጠን ከፍ አድርጎ መያዝ ይሻላል።

መቆጣጠሪያው ቁልፉን ጨርሶ አያገኘውም

የመጀመሪያው መንስኤ፣ ቁልፉ እስካሁን የሌላ መረብ አባል ነኝ ብሎ ማመኑ ነው። ቀድሞ የነበረ ባለቤት ሳያስወጣው ከሸጠው፣ ወይም ያልተሳካ ሙከራ ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ቁልፉ አዲስ ጥሪ አይሰማም። መፍትሔው አዲስ ከማገናኘት በፊት ኤክስክሉዥን ማድረግ፣ ማለትም ቁልፉን ከቀድሞው መረብ ማስወጣት ነው፤ ይህንንም ቁልፉ የማያውቀው ማንኛውም የዚ-ዌቭ መቆጣጠሪያ ሊያደርገው ስለሚችል የቀድሞውን ስቲክ መፈለግ አያስፈልግም። በዬል ቁልፎች ዘንድ ከዋናው የሚስጥር ቁጥር ቀጥሎ ምናሌ 7 ውስጥ 1 ለማገናኘት፣ 3 ደግሞ ለማስወጣት ያገለግላል። በሽሌጅ ላይ ባለ ስድስት አሃዙ የማስተካከያ ኮድ ከገባ በኋላ የሽሌጅ ምልክቱ ተጭኖ 0 ሲነካ ሁለቱንም ያደርጋል። በዬል ላይ ምናሌ 7 ካልታየ የሬዲዮ ሞጁሉ፣ ማለትም በቁልፉ ውስጥ የሚሰካው የሬዲዮ ክፍል፣ አልታወቀም ማለት ነው፤ ሞጁሉ የገባው ባትሪው በውስጡ እያለ ከሆነ ቁልፉ አያየውም፣ ስለዚህ ባትሪዎቹን አውጥቶ፣ ሞጁሉን ነቅሎ እንደገና አስገብቶ፣ ባትሪውን መጨረሻ ላይ መመለስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንስኤ በተለይ የእኛን ሰዎች የሚገጥም ነው። ዚ-ዌቭ በየአገሩ በተለያየ ሞገድ ይሠራል፦ በአሜሪካ 908.42 ሜጋኸርትዝ፣ በአውሮፓና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች 868.42፣ በእስራኤል 916። ከዋሽንግተን ዘመድ ያመጣው ቁልፍ ዱባይ ወይም ሮም ከተገዛ ስቲክ ጋር ቀኑን ሙሉ ቢሞከር አይሰማማም፤ ሁለቱም ጤነኛ ሆነው ሳለ ማለት ነው። አዳዲሶቹ ስቲኮች ሞገዳቸውን በዚ-ዌቭ ጄኤስ ማስተካከያ ውስጥ መለወጥ ይችላሉ፣ ቁልፎቹ ግን በአብዛኛው አይችሉም። ስቲኩን ለቁልፉ ሲሉ ቢቀይሩት በቤቱ ያሉት ሌሎች የዚ-ዌቭ ዕቃዎች ስለሚጠፉና ሞገዱ በሚኖሩበት አገር ለሌላ አገልግሎት የተመደበ ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ የምመክረው ቁልፉን መለወጥ ነው። ዚግቢ የሚባለው ሌላው የቤት ዕቃዎች ሬዲዮ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ በየአገሩ በአንድ ዓይነት ስለሚሠራ ይህ ጣጣ የለበትም። ዕቃ ከአገር አገር የሚያጓጉዝ ሰው የበሩንም ዓይነት አስቀድሞ ማየት አለበት፤ የአሜሪካ ቁልፍ 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ በበሩ ጎን ውስጥ የሚቀበር ቁልፍ ባላቸው የአውሮፓ በሮች ላይ ግን ይህ ቀዳዳ የለም።

ቁልፉ ተገኝቷል፣ ስሙም ይታያል፣ ነገር ግን አይቆልፍም አይከፍትም

ከሁሉም ይልቅ ሰውን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ዕቃው በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፣ የባትሪው መጠን እንኳ ሊነበብ ይችላል፣ የመቆለፊያው አዝራር ግን የለም ወይም ቢነካም መልስ አይሰጥም። መንስኤው ቁልፉ ያለ ምስጠራ መገናኘቱ ነው። የበር ቁልፍ ያልተመሰጠረ ትእዛዝ እንዳይቀበል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አለዚያ በግቢው አጥር ሥር የቆመ ማንም ሰው «ክፈት» የሚል ሬዲዮ ሊልክለት ይችል ነበር። ቆየት ያሉት ቁልፎች ኤስ-0 በሚባለው፣ አዳዲሶቹ ደግሞ ኤስ-2 በሚባለው ምስጠራ ይገናኛሉ፣ ኤስ-2 ራሱም ለበርና ለመግቢያ ብቻ የተለየ ከፍተኛ ደረጃ አለው።

በኋላ ላይ ምስጠራውን መጨመር አይቻልም። ቁልፉ ኤክስክሉዥን ተደርጎ እንደገና መገናኘት አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን በዚ-ዌቭ ጄኤስ ማስተካከያ ገጽ ላይ የኤስ-0 እና የሦስቱ የኤስ-2 ደረጃዎች ኮዶች በሙሉ መሞላታቸውን ያረጋግጡ። በመገናኘቱ መካከል ሶፍትዌሩ አምስት አሃዝ ይጠይቃል፤ ይህ በዕቃው ላይ ከተለጠፈው ረጅም ቁጥር የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች ናቸው። ተለጣፊው አንዳንድ ጊዜ ከሞጁሉ ወይም ከቁልፉ ጀርባ ስለሚሆንና ቁልፉ አንዴ ከተገጠመ ስለማይታይ፣ ከመግጠም በፊት ፎቶ ማንሣት ግድ ነው። ቁልፉ ኤስ-0 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ እርሱን ይምረጡ፤ ለመብራትና ለሶኬት ግን ኤስ-0 አይምረጡ፣ ለአንዱ ትእዛዝ ብዙ መልእክት ስለሚያመላልስ መረቡን ያጨናንቃል።

ኮዱን የመለዋወጡ ሂደት ፈጣንና ስሱ ስለሆነ ርቀት ያበላሸዋል። ስቲኩን በላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ወደ በሩ መውሰድ ወይም ቁልፉን ከበሩ ነቅሎ ወደ ስቲኩ ማምጣት፣ ግማሽ ሜትር ላይ ሆኖ አንዴ ማገናኘት፣ ከዚያ ወደ ቦታው መመለስ ይሻላል። ከተገናኘ በኋላ ሶፍትዌሩ የቁልፉን ችሎታ የሚያነብበት «ኢንተርቪው» የሚባለው ሂደት እስኪያልቅ ድረስ በገበታው ላይ ቁጥር እየነኩ ቁልፉን ማንቃት ይረዳል።

ትእዛዙ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ቁልፉ «ሞቷል» ተብሎ ይመዘገባል

ቁልፍ ባትሪውን ለመቆጠብ ይተኛል፣ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ነቅቶ የሚጠራው እንዳለ ያዳምጣል። ስለዚህ የአንድ ሁለት ሰከንድ መዘግየት ብልሽት አይደለም። ከዚያ በላይ ከሆነ በመካከል ያለውን አስተላላፊ መፈተሽ ያስፈልጋል፤ የተኛን ዕቃ መቀስቀስ የሚችለው «ቢሚንግ» የሚባለውን ጥሪ የሚደግፍ፣ ከግድግዳ ሶኬት ኃይል የሚያገኝ የዚ-ዌቭ ዕቃ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ እንደተለመደው በሩ ከብረት ላሜራ የተሠራ ከሆነ ሬዲዮው ወደ አንድ ወገን ስለሚታፈን፣ ቢሚንግ የሚደግፍ ሶኬት ከበሩ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ከቤት ውስጥ ቢሰካ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ከዚያም ለቁልፉ የመስመር ማደሻውን፣ ማለትም መልእክቱ የሚያልፍበትን መንገድ እንደገና የመፈለጊያውን ትእዛዝ መስጠት ነው።

ስቲኩ በኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ መሰካቱም ሌላ መንስኤ ነው። የዩኤስቢ 3.0 ሶኬትና ከጎኑ የተሰካ ውጫዊ ዲስክ የሬዲዮ ጫጫታ ስለሚያመነጩ፣ በተለይ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራውን የዚግቢ ስቲክ ያደነቁሩታል። አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የዩኤስቢ 2.0 ማራዘሚያ ገመድ በጥቂት ገንዘብ ይህን ይፈታል፤ እኔ ከሁሉም በፊት የማስገዛው ይህንን ነው። በዚግቢ ላይ ዋይፋዩ በቻናል 1 ወይም 6 ከሆነ ዚግቢውን ወደ ቻናል 25 መውሰድ መደራረቡን ያስቀራል።

በእጅ ወይም በቁጥር የተከፈተው በስልኩ ላይ አይታይም

ቁልፉ የራሱን ለውጥ ለመቆጣጠሪያው የሚያሳውቀው በመጀመሪያው የማኅበር ቡድን (መልእክቱን በሚልክላቸው ዕቃዎች ዝርዝር)፣ «ላይፍላይን» በሚባለው በኩል ነው። በዚ-ዌቭ ጄኤስ ገጽ ላይ ቡድን 1 ውስጥ የመቆጣጠሪያው ቁጥር ከሌለ ያስገቡትና ኢንተርቪውን ይድገሙ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ማሳወቂያዎች በቁጥር ይለያያሉ፦ 1 በእጅ መቆለፍ፣ 2 በእጅ መክፈት፣ 5 እና 6 በቁጥር ገበታ መቆለፍና መክፈት፣ 11 መጣበቅ። በየደቂቃው ሁኔታውን እንዲጠይቅ አውቶሜሽን መጻፍ ግን አይመከርም፣ ባትሪውን ይጨርሳል።

አንድ ነገር ግን ከቁልፉ አይጠበቅም። ቁልፉ የሚያውቀው ምላሱ መውጣቱን ብቻ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ምላሱ በአየር ላይ ቢወጣም «ተቆልፏል» ብሎ ያሳውቃል። ማታ በራሱ እንዲቆለፍ የሚፈልግ ሰው በበሩ ላይ የማግኔት ሴንሰር ጨምሮ፣ አውቶሜሽኑ በሩ መዘጋቱን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ እንዲቆልፍ ማድረግ አለበት።

በድምፅ ይቆልፋል፣ ለመክፈት ግን እምቢ ይላል

ይህ ብልሽት አይደለም። አሌክሳም ሆነ ጉግል በድምፅ መክፈትን የሚፈቅዱት የሚስጥር ቁጥር ሲመደብለት ነው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ መናገር በራሱ ምን ያህል ምስጢር እንደሚጠብቅ አንባቢ ይመዝነው፤ ተዘግቶ ቢቀር እመርጣለሁ።

ቁልፉ በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይታያል

ቁልፉ ሳይወጣ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከተመለሰ በኋላ እንደገና ሲገናኝ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ አሮጌው ደግሞ ሞቶ በመረቡ ውስጥ ይቀራል፤ መቆጣጠሪያውም እርሱን እየጠራ ጊዜ ያባክናል። አሮጌውን መዝገብ ከፍተው «ፒንግ» ያድርጉት፣ ማለትም መኖሩን የሚጠይቅ ጥሪ ይላኩለት፤ መልስ አለመስጠቱ ሲመዘገብ «የከሸፈውን ዕቃ አስወግድ» የሚለው ትእዛዝ ይሠራል። ከዚያም የአዲሱን ቁልፍ መለያ ስም በአሮጌው ስም መተካት ነው፤ ይህ ከተደረገ ቀድሞ የተጻፉት አውቶሜሽኖች ሳይነኩ ይቀጥላሉ። የሚስጥር ቁጥሮቹ ግን የሚቀመጡት በቁልፉ ውስጥ እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ ስላልሆነ፣ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር በየመደቡ አንድ በአንድ እንደገና መግባት አለበት።