ከኦቨን ጋር በሳልመን ተዋወቁ

አዲስ አገር ገብታችሁ ቤት ስትከራዩ ወጥ ቤቱ ውስጥ ኦቨን ይጠብቃችኋል። ብዙ ሰው ግን ለወራት ከላይ ባለው ምድጃ ብቻ ያበስላል፤ ኦቨኑን የድስት ማስቀመጫ ያደርገዋል። ምክንያቱ ይገባኛል። ቁልፎቹ ብዙ ናቸው፣ ምልክቶቹ ግራ ያጋባሉ፣ ቤት አቃጥላለሁ የሚል ስጋትም አለ። ለጀማሪ የምመክረው ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ነው። ከሥራ ደክሟችሁ ገብታችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ እራት ነው። ዝግጅቱ ትንሽ ነው፣ የሚቆሽሸውም ዕቃ ትንሽ ነው።

ከሁሉ በፊት ኦቨኑን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ። ከእናንተ በፊት የነበረ ተከራይ ወይም አብሯችሁ የሚኖር ሰው መጥበሻ፣ አንዳንዴም የፕላስቲክ ዕቃ ትቶበት ሊሆን ይችላል። ፕላስቲክ ቀልጦ ከተጣበቀ ማጽዳቱ ፈተና ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱ በምን እንደሚለካ አጣሩ። አሜሪካ ውስጥ ኦቨን የሚሠራው በፋረንሃይት ነው። አውሮፓና አብዛኛው ዓለም ሴልሺየስ ይጠቀማል። እንግሊዝ አገር ደግሞ አንዳንድ የጋዝ ኦቨኖች ላይ ከ1 እስከ 9 የተጻፉ ቁጥሮች ብቻ ታገኙ ይሆናል። ለሳልመን የምትፈልጉት 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በፋረንሃይት 400፣ በእንግሊዞቹ የጋዝ ቁጥር 6 ገደማ ማለት ነው። ይህን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት አሠራር "200" ሲላችሁ የፋረንሃይቱን 200 ብትከፍቱ፣ ያ ውኃ እንኳ የማያፈላ ሙቀት ነው። ዓሣው በተባለው ደቂቃ አይበስልም።

ምልክቶቹ ላይ ጽሑፍ ከሌለ እንዲህ አንብቧቸው። ከላይና ከታች ሁለት አግድም መስመር ያለው፣ ሙቀቱ ከሁለቱም በኩል ይመጣል ማለት ነው፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። የማራገቢያ ምልክት ያለውንም መጠቀም ይቻላል፤ ብቻ ሙቀቱን ወደ 180 ሴልሺየስ ዝቅ አድርጉት። ከላይ ብቻ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ካያችሁ ግን ተዉት። አሜሪካኖቹ ብሮይል፣ እንግሊዞቹ ግሪል የሚሉት እሱ ነው። እሳቱ ከላይ ብቻ በኃይል ይወርዳል፤ ስብ ያለው ዓሣ ደግሞ እዚያ ሥር ቶሎ ይጨሳል።

አሁን ወደ ዓሣው። ገበያ ስትወጡ ሁለት ዓይነት ሳልመን ታያላችሁ፤ በእርባታ ያደገና ከባሕር ወይም ከወንዝ የተያዘ። የእርባታው ስብ ይበዛዋል፣ በሥጋው ላይ ነጫጭ መስመሮች በደንብ ይታያሉ። የተፈጥሮው ጠቆር ያለ ቀይ፣ ስቡ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የእርባታውን ግዙ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ብታሳልፉበትም ይምራችኋል። ስስ ስስ ሆኖ ተቆርጦ በጠፍጣፋ ማሸጊያ የሚሸጠውን ሳልመን ግን በስህተት እንዳታነሱ። እሱ በጭስ የተዘጋጀ፣ ጨው የበዛበት፣ እንዳለ የሚበላ ነው።

ፊሌቶ ስትመርጡ ከጅራቱ ይልቅ የመሐሉን ቁራጭ ፈልጉ። ጅራቱ ስስ ስለሆነ አንዱ ጫፍ ሳይበስል ሌላው ይደርቃል። በረዶ የሆነ ብትገዙም ችግር የለውም፤ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡትና በማግስቱ ይቀልጣል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። አየር በሌለው ፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ከማቅለጣችሁ በፊት ማሸጊያውን ቅደዱለት። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ነው የሚራባው።

ኦቨኑን ባዶውን አስቀድማችሁ አብሩ፤ እስኪግል 10 ወይም 15 ደቂቃ ይፈልጋል። እስከዚያ ዓሣውን አሰናዱ። አትጠቡት፤ የጥሬ ዓሣ ውኃ ተፈናጥቆ ሌላ ዕቃ ይበክላል። በሶፍት ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት። ከዚያ ጣታችሁን በወፍራሙ ክፍል ላይ ቀስ ብላችሁ አስኪዱት። የተደረደሩ ጫፎች ከነኳችሁ አጥንት ቀርቶበታል። በወረንጦ ያዙና ወደ ዘነበለበት አቅጣጫ ሳቡት፤ ወደ ሌላ ከሳባችሁት ሥጋው ይቦጨቃል።

ትሪው ላይ ፎይል ወይም የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ። ሰም የተቀባውን ወረቀት ግን አይደለም፤ እሱ ኦቨን ውስጥ ይጨሳል። ዓሣውን ቆዳው ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ካሻችሁ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት። ሎሚውን መጨረሻ ላይ ጭመቁበት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሳልመን አልወድም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የቀመሱት የደረቀውን ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ሴንቲ ተኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በ10ኛው ደቂቃ ግን አውጥታችሁ እዩት። ወፍራሙ ቦታ ላይ ሹካ ሰክታችሁ በቀስታ ጠምዝዙ። ሥጋው በንብርብሩ ከተላቀቀና ውስጡ ያ ብርሃን የሚያሳልፍ መልኩ ጠፍቶ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ከሆነ ደርሷል። ካልተላቀቀ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። ከጎኑ ነጭ፣ እንቁላል መሳይ ነገር ሲወጣ አትደንግጡ። አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ይበላል። በብዛት ከወጣ ግን ሙቀቱ በዝቶበታል ማለት ነው።

የምግብ ቴርሞሜትር መግዛት ከቻላችሁ ግዙ፤ ግምቱን ያቀልላችኋል። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ለዓሣ የሚመክሩት መሐሉ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም 145 ፋረንሃይት እንዲደርስ ነው። አንዳንድ ሰው ቀደም ብሎ ያወጣዋል። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር፣ ትንሽ ልጅ ወይም አረጋዊ ካለ ግን ከ63 አታውርዱት።

የጭስ ማስጠንቀቂያው ቢጮህ ኦቨኑን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በፎጣ አራግቡለት። ባትሪውን በፍጹም እንዳታወጡ፤ የሚጠብቀው እናንተንም ጎረቤታችሁንም ነው። ከሰው ጋር የምትኖሩ ከሆነ ዓሣ የማይስማማው ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የዓሣ አለርጂ ሕይወት ድረስ የሚያሰጋው ሰው አለ። ቆዳውንና ማሸጊያውን በፌስታል ቋጥራችሁ ያንኑ ማታ ወደ ውጭ ጣሉት፤ ሽታው ከዓሣው ይልቅ እዚያ ነው የሚያድረው።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ሥራ ቦታ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ ባታስገቡት እመርጣለሁ፤ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል፣ ዓሣውም ይደርቃል። ቀዝቃዛውን ፈርፍራችሁ ሰላጣ ላይ ወይም ዳቦ ውስጥ አድርጉት። ቤት ከሆናችሁ ደግሞ በፎይል ሸፍናችሁ በ135 ሴልሺየስ 15 ደቂቃ ያህል አሙቁት።