በመጸው ዎልአይ እምቢ ሲል፦ የሚላክስ ሐይቅ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

መስከረም ጠብቶ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ጠቅልሎ ጋራዥ ያስገባል። ይቆጨኛል። ዎልአይ ከሚባለው ዓሣ ትልልቁ በደንብ የሚያዘው ገና ከዚህ በኋላ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓሣው ለክረምቱ አጥብቆ ይበላል። በተለይ ሴቷ፣ በረዶው ሲቀልጥ ለምትጥለው እንቁላል ከአሁኑ ትዘጋጃለች።

የበጋውን፣ ማለትም የሞቃቱን ወራት፣ ዘዴ ይዞ የሄደ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚህ የማወራው ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ግድም ስለሚርቀው ስለ ሚላክስ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 535 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሐዋሳ ሐይቅን ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 13 ሜትር ነው። ከታች ያሉት ብዙዎቹ ችግሮች የሚመጡት ከዚሁ ነው፦ ሰፊ ነው፣ ግን ጥልቅ አይደለም።

ነሐሴ ላይ የያዝኩበት ቦታ ባዶ ሆነ

ምግቡ ቦታ ቀይሯል። በበጋ ዎልአይ መሃል ሐይቅ ባሉት ጭቃማ ሜዳዎች ላይ ተበትኖ የነፍሳት ዕጭና ፐርች የሚባለውን ዓሣ ትንንሹን ሲለቅም ይከርማል። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ፣ ማለትም ሶናራችሁ (ከጀልባው ሥር ያለውን ዓሣና ወለል የሚያሳየው መሣሪያ) ላይ 50 ፋረንሃይት ከሚለው በታች ሲሆን፣ ነገሩ ይለወጣል። ቱሊቢ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ድንጋያማው ዳርቻ ይወጣል። ትልቁ ዎልአይ ደግሞ ቱሊቢና ፐርች ባሉበት አይጠፋም።

ስለዚህ እንደደረሳችሁ መልህቅ አትጣሉ። ድንጋዩ አልቆ አሸዋ ወይም ጭቃ የሚጀምርበትን ጠርዝ ይዛችሁ ሶናሩን እያያችሁ በቀስታ ንዱ። ስክሪኑ ላይ የትንንሽ ዓሣ መንጋ እንደ ደመና ተጠቅጥቆ ካያችሁ እዚያ ቁሙ። ካላያችሁ እለፉ። “ባለፈው እዚህ ነበር” ብሎ አንድ ቦታ ላይ መዋል የዚህ ወቅት ትልቁ ጥፋት ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ደግሞ ጥፋቱን በሐይቁ መገልበጥ ያሳብባል። መገልበጥ የሚባለው እውነት አለ። በጥልቅ ሐይቅ ላይ ሙቁ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆኖ ይከርማል፤ መጸው ላይ የላዩ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ያኔ ውሃው ይደፈርሳል፣ አንዳንዴም ይሸታል፣ ዓሣውም ይበተናል። ይህ ሲያጋጥማችሁ ሌላ ሐይቅ ወይም ወንዝ መሞከር ይሻላል። ሚላክስን ግን ነፋስ በጋውን ሁሉ ሲያማስለው ስለሚከርም እዚያ ይህ ምክንያት ብዙም አያስኬድም።

ቀን ሙሉ ምንም፣ ማታ የመጣው ሰው ያዘ

ውሃው በጣም ጠርቷል። ዜብራ ሙሰል የሚባሉት ጥቃቅን ባለቅርፊቶች ሚላክስ ውስጥ የተገኙት በ2005 ሲሆን ውሃውን እያጣሩ ነው የሚመገቡት። የዎልአይ ዓይን ደግሞ ከጀርባው ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው። በድንግዝግዝ አጥርቶ ያያል፣ ፐርች ግን ያኔ እንደ እሱ አያይም። አደኑ በመሸ ጊዜ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ማጥመጃ ከመቀየራችሁ በፊት ሰዓት ቀይሩ። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት ቦታችሁን ይዛችሁ፣ ከጠለቀች በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆዩ። በጨለማ ዎልአይ ሁለት ሜትር ጥልቀት እንኳ በሌለው ድንጋይ ላይ ይወጣል። የትንሽ ዓሣ ቅርጽ ያለው ረጅምና ቀጭን የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ማጥመጃ፣ ለምሳሌ የራፓላ ዓይነት፣ ከጀልባው ኋላ አርቃችሁ በሰዓት ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ብቻ እየነዳችሁ ጎትቱ። ቀን ላይ መውጣት የግድ ከሆነባችሁ ደመናማ ወይም ነፋሻማ ቀን ምረጡ።

ይነካል፣ ግን አይያዝም

ብዙ ጥያቄ የምሰማው በዚህ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዓሣው ሩጦ አይነጥቅም። ተጠግቶ ወደ አፉ ይስበዋል፣ ካልተመቸው ይተፋዋል። እጃችሁ ላይ የሚሰማው ዘንጉን የሚያጎብጥ ጉተታ አይደለም፤ ክሩ እርጥብ ጨርቅ የተጠመጠመበት ያህል ይከብዳል፣ ወይ ድንገት ይላላል። ብዙ ሰው አረም ነው ብሎ ያልፈዋል።

መጀመሪያ ክሩን እዩ። ከአራት እስከ አምስት ኪሎ የሚችል ቀጭን ክር ይበቃል፤ ወፍራም ክር ስሜቱን ይገድላል። ቀጥሎ ሕያው ትንሽ ዓሣ በጂግ፣ ማለትም ራሱ ላይ ክብደት ባለው መንጠቆ፣ ላይ የምትሰኩበትን መንገድ አስተካክሉ። ከንፈሩን ብቻ ከወጋችሁት ዎልአዩ ከኋላ ነክሶ ይወስድባችኋል። መንጠቆውን በአፉ አስገብታችሁ በጉንጩ አውጡት፤ ከዚያ ዓሣውን በመንጠቆው እጥፋት ላይ አዙራችሁ ጀርባው ላይ ካለው ክንፍ ትንሽ ወረድ አድርጋችሁ ውጉት። አሁን የመንጠቆው ጫፍ ወደ ጭራው ቀርቧል፣ ዓሣውም ቢመቱት አይወልቅም።

ጂጉን ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር አንሱና ያዙት። ማነቃነቅ አይበዛ። ክብደት ሲሰማችሁ የዘንጉን ጫፍ ወደ ዓሣው ዝቅ አድርጉ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩ፣ ከዚያ ረጋ ባለ ኃይል ወደ ላይ ሳቡ። አሁንም የሚያመልጥ ከሆነ ከዋናው መንጠቆ ጋር ትንሽ ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ በአጭር ክር አስራችሁ ጭራው አካባቢ ስኩ።

ነፋሱ ጀልባውን ይዞት ይሄዳል

ነፋስ ጠላት አይደለም። ሞገዱ ብርሃኑን ይሰብራል፣ ትንንሹን ዓሣም ወደሚመታው ዳርቻ ይገፋል። ችግሩ ጀልባው ሲፈጥን ጂጉ ከመሬት መነሳቱ ነው። ክሩ ከጀልባው ርቆ በጣም ካዘመመ ማጥመጃችሁ መሃል ውሃ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የጂጉን ክብደት ከሩብ አውንስ ወደ ሦስት ስምንተኛ አውንስ ከፍ አድርጉ። ድሪፍት ሶክ የሚባለውን ውሃ የሚሞላ የጨርቅ ከረጢት ከጀልባው ጎን አስራችሁ ጣሉ፣ ፍጥነቱን በደንብ ይቀንሳል።

መልህቅ ከሆነ ሁልጊዜ ከፊት እሰሩ። ከኋላ ከታሰረ ሞገዱ ሞተሩ በኩል ገብቶ ጀልባውን ይሞላዋል። ሚላክስ ጥልቅ ስላልሆነ ሞገዱ ቀጥ ያለና ተከታታይ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። የጥቅምት ውሃ ደግሞ ዋናተኛንም ትንፋሽ ያሳጣል። ላይፍ ጃኬት ወንበር ሥር አይቀመጥም፤ ይለበሳል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ሞገዱ ነጭ አረፋ ሲያወጣ አትውጡ።

ጀልባ የለኝም

ማታ ማታ ዳር ላይ ያለ ሰው ከባለጀልባው እኩል ዕድል አለው። ነፋስ ሲመታው የዋለ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ድንጋያማ የመሬት አፍንጫ ፈልጉ። ዳርቻውን ይዛችሁ በትይዩ ወርውሩ፣ ቀስ ብላችሁ ጠቅልሉ፣ መሃል ላይ አቁሙ። የሚነክሰው ብዙ ጊዜ ሲቆም ነው። የራስ መብራታችሁን ውሃው ላይ አታብሩ።

የለቀቅኩት ዓሣ ተንሳፍፎ ቀረ

ከ9 ሜትር በላይ ጥልቀት በፍጥነት ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል። የምትለቁት ከሆነ ከዚህ በታች አታጥምዱ።

የዘንጉ ቀለበቶች በረዶ ያዙ

ዘንጉን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አራግፉት። በረዶውን በፍጹም በጥርስ ወይም በጉልበት አትስበሩት። የተፈተለ ክር ውሃ ይይዛል፤ በብርድ ቀን ነጠላ ናይለን ይሻላል።

ያለፈው ዓመት ደንብ አልሠራም

የሚላክስ ደንብ በየጊዜው ይለወጣል። በ1837 ውል መሠረት የኦጂብዌ ነባር ሕዝቦች የማጥመድ መብት አላቸው፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1999 አጽንቶታል። ስለዚህ የዎልአዩ ኮታ ከእነሱ ጋር ይከፈላል፣ መያዝ የሚፈቀደው የዓሣ ብዛትና ርዝመትም በየወቅቱ ይወሰናል። ከመውጣታችሁ በፊት የግዛቱን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተመልከቱ፣ ፈቃዳችሁንም ያዙ። ስትመለሱ የጀልባውን የውሃ መውጫ ቡሽ ንቀሉ፣ ውሃውን ሁሉ አፍስሱ። የተረፈውን ትንሽ ዓሣ ወደ ሐይቁ አትድፉት፤ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።