«ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም»፦ በካምፓስ ዋይፋይ ላይ የሚደጋገሙ ብልሽቶችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ ለሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ነው። አክሰስ ፖይንቱ (ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) መብራቱንና ዋናው መስመር መሥራቱን አስቀድመው እንዳረጋገጡ እወስዳለሁ። ለዓመታት እንዳየሁት «ዋይፋዩ ተበላሸ» ተብሎ ከሚመጣው አቤቱታ አብዛኛው ከአየር ሞገዱ ጋር ግንኙነት የለውም። ብልሽቱ ያለው ብዙውን ጊዜ ከአክሰስ ፖይንቱ ጀርባ ባለው የኬብል ኔትወርክ በኩል ነው፤ ስለዚህ ተጨማሪ አክሰስ ፖይንት መግዛት አይፈታውም።

ምልክት፦ ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት የለም፤ አንዱ ተማሪ ሲጠቀም አጠገቡ ያለው አይችልም

ዋይፋዩን አጥፍቶ ሲያበራ አንዳንዴ ይሠራል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል። ይህን ሲሰሙ ወደ አክሰስ ፖይንቱ ከመሄድዎ በፊት የተቸገረውን ስልክ ይቀበሉና የአይፒ አድራሻውን ይመልከቱ። የግቢው አድራሻ በ10 የሚጀምር ሆኖ ሳለ ስልኩ 192.168.0 ወይም 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ከያዘ፣ አንድ ሰው ከቤቱ ያመጣውን ራውተር ግድግዳው ላይ ካለው የኔትወርክ ሶኬት ጋር አገናኝቷል ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስልክ ወደ ኔትወርክ ሲገባ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። የዩኒቨርሲቲው የዲኤችሲፒ (አድራሻ አዳይ) ሰርቨር ያለው በዳታ ማዕከሉ ነው፣ የተማሪው ራውተር ግን እዚያው ዶርም ውስጥ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀድመዋል። ተማሪው ኬብሉን ለዋናው መስመር በተዘጋጀው የዋን ፖርት ቢሰካው ኖሮ ለጎረቤት የሚተርፍ የአድራሻ መምታታት አይፈጠርም ነበር። ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች በተዘጋጀው የላን ፖርት ከሰካው ግን ራውተሩ በዚያው ቪላን (ከሌላው በተለየ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ላሉት ሁሉ አድራሻ ማደል ይጀምራል፣ ራሱንም ጌትዌይ (ወደ ኢንተርኔት መውጫ በር) አድርጎ ያቀርባል፤ የሚያስተላልፍበት ኢንተርኔት ግን የለውም።

አንድ ጊዜ በምዝገባ ሳምንት የአንድ ሙሉ ብሎክ ተማሪዎች ለሦስት ቀን ተቸገሩ። እኛም በሁለተኛው ቀን ሁለት አክሰስ ፖይንት ቀየርን፤ ፈጽሞ የማያስፈልግ ድካም ነበር። በሦስተኛው ቀን ከፕሮክተሩ ጋር ገብተን ስንፈትሽ ራውተሩን ከሎከር ጀርባ በካርቶን ተሸፍኖ አገኘነው፤ ትንንሾቹ አረንጓዴ መብራቶች በካርቶኑ ቀዳዳ ብልጭ ብልጭ ይሉ ነበር።

ሌላው ከዚህ የበለጠ ያስቸገረን በአስተዳደር ሕንፃ ውስጥ ነበር። ብልሽቱ ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ 6፡30 ላይ ይጠፋል፣ 7፡30 ላይ ይመለሳል፣ 11፡30 ሲሆን ፈጽሞ ይለቃል። ብልሽቱ የሥራ ሰዓት እንደሚያከብር የተገለጠልን ለሳምንት ያህል የመዘገብነውን ሰዓት ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ነው። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ለፕሪንተራቸው ፖርት ስላጠራቸው አሮጌ ራውተር እንደ ስዊች (አንዱን መስመር ለብዙ መሣሪያዎች እንደሚያካፍል መሣሪያ) ይጠቀሙበት ነበር፤ ሲወጡም በጥንቃቄ ከሶኬት ይነቅሉታል። ስለዚህ አቤቱታ ሲቀበሉ ሰዓቱን ሁልጊዜ ይመዝግቡ።

ራውተሩን ለማግኘት ክፍል ለክፍል መዞር አያስፈልግም። የተሳሳተ አድራሻ በያዘው ላፕቶፕ ላይ የአርፕ ሠንጠረዡን (የአይፒ አድራሻ ከማክ አድራሻ ጋር የሚዛመድበትን ዝርዝር) ይክፈቱና የጌትዌዩን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ ይገልብጡ። ያንን ቁጥር በዋናው ስዊች የማክ ሠንጠረዥ ውስጥ ይፈልጉት። የሚታይበት ፖርት ብዙ ማክ አድራሻዎችን ከያዘ ወደ ሌላ ስዊች የሚወርድ መስመር ነው፣ ስለዚህ ወደዚያ ስዊች ገብተው ፍለጋውን ይድገሙ። በመጨረሻ ወደ አንድ የግድግዳ ሶኬት የሚወስድ ፖርት ላይ ይደርሳሉ። ፖርቱን መጀመሪያ ይዝጉ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ይሂዱ። ሶኬቶቹ ላይ ቁጥር ካልተለጠፈ ግን ይህ ሁሉ ልፋት እዚሁ ይቆማል፤ ሳይለጥፍ ርክክብ የሚጠይቅን ተቋራጭ እባክዎ አያስተናግዱ።

ዘላቂው መፍትሄ በስዊቾቹ ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን ማብራት ነው። ያኔ ስዊቹ አድራሻ የሚያድል መልእክትን የሚቀበለው ታማኝ ተብሎ ከተመዘገበ ፖርት ብቻ ይሆናል። ማስጠንቀቂያ፦ ወደ ሰርቨሩ የሚወስደውን ፖርት ታማኝ ሳያደርጉ ስኑፒንጉን ካበሩ፣ ከዚያ ስዊች በታች ያለ ማንም አዲስ አድራሻ አያገኝም። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ስዊቾች ስኑፒንግ ሲበራ በጥያቄው ላይ ኦፕሽን 82 የሚባል፣ ጥያቄው ከየትኛው ፖርት እንደመጣ የሚናገር መረጃ ይጨምራሉ፣ ከላይ ያለው መሣሪያም ጥያቄውን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በአንድ ብሎክ ላይ ሞክረው፣ አዲስ ስልክ አድራሻ ማግኘቱን በዓይንዎ አይተው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። የግድግዳ ሶኬቶችንና አክሰስ ፖይንቶችን በአንድ ቪላን ውስጥ መተውም ትልቅ ጥፋት ነው፤ ይለዩዋቸው። ተማሪው ራውተር የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ሲግናል ስለማይደርሰው መሆኑንም አይርሱ፤ ነቅለው ከወሰዱበት በኋላ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲግናሉን ይለኩለት።

ምልክት፦ የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ ስልኩ ግን የሰርተፊኬት ስህተት ያሳያል

የስልኩን ቀን ይመልከቱ። በርካታ ተጠቃሚዎች ስልካቸው የኢትዮጵያን ቀን እንዲያሳይ ብለው ዓመተ ምሕረቱን በእጅ ይሞላሉ፤ ስልኩ ግን የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው ስለሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በ2024 የተሰጠ የሰርቨር ሰርተፊኬት (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል ሰነድ) በ2017 ላይ ለቆመ ስልክ ገና ያልጸና ነው። ቀኑና ሰዓቱ በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉ፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ለሚፈልግ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ይጫኑለት። «ሰርተፊኬት አታረጋግጥ» የሚለውን ምርጫ ግን በፍጹም አያሳዩት። የግቢውን ዋይፋይ ስም አስመስሎ የከፈተ ሰው የተማሪውን የይለፍ ቃል የሚሰርቀው በዚሁ በር ነው።

ምልክት፦ ማታ ማታ አዲስ የሚገባ ሰው በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይይዛል

ይህ መሣሪያው ከሰርቨሩ አድራሻ ሲያጣ ለራሱ የሚሰጠው አድራሻ ነው፤ የሚታደለው አድራሻ አልቋል። በ24 ቢት የተከፈለ (24ቱ ቢት ለኔትወርኩ መለያ የተያዘ፣ 8ቱ ለመሣሪያዎች የቀረ) ንዑስ ኔትወርክ 254 አድራሻ ብቻ አለው፣ የዛሬ ተማሪ ደግሞ ስልክም ላፕቶፕም ይዞ ይመጣል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ስልኮች የዘፈቀደ ማክ አድራሻ ስለሚጠቀሙ አንዱ ስልክ ከአንድ በላይ አድራሻ ይዞ ሊቆይ ይችላል። የአድራሻውን የቆይታ ጊዜ ከ24 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት ይቀንሱ፤ ካልበቃ ወደ 22 ቢት ያስፉት፣ 1022 አድራሻ ያገኛሉ።

ምልክት፦ አክሰስ ፖይንቱ ሰው ሲበዛበት ይጠፋና እንደገና ይነሳል

ኬብሉን ይጠርጥሩ። በገበያ በርካሽ ከሚሸጠው ኬብል ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ጥቂት ጊዜ ሲያጥፉትም ይሰበራል። አሉሚኒየም ከመዳብ የበለጠ ኤሌክትሪክን ስለሚቃወም፣ በዚያው ኬብል ኃይል የሚያገኘው አክሰስ ፖይንት ሥራ ሲበዛበት ኃይል ያጥረዋል። መስመሩ በረዘመ ቁጥር ይብሳል፤ 80 ሜትር ላይ ያለ መሣሪያ ሲወድቅ 20 ሜትር ላይ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል። መፍትሄው ንጹሕ የመዳብ ኬብል መዘርጋት ብቻ ነው፤ በኬብሉ ኃይል የሚልከውን አዳፕተር በትልቅ መቀየር ለጊዜው ቢያስታግስም በጥቅል የታሰሩ ኬብሎችን ያሞቃል።

ብዙም የማያጋጥሙ

በ2.4 ጊጋኸርዝ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ውጭ ያለ ቻናል ከተመረጠ ጎረቤት አክሰስ ፖይንቶች ይረባበሻሉ። ሕንፃው በሙሉ በአንዴ ከቆመና የስዊቹ መብራቶች ሁሉ አብረው በፍጥነት ከበሩ፣ አንድ ኬብል በሁለት ጫፉ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ከመብረቅ በኋላ አንድ ፖርት ብቻ ከሞተ ያንን ፖርት ትተው በሌላ ይጠቀሙ፣ ስዊቹን ግን ለመቀየር ያቅዱ።