የውጭ ጦር ወይስ አማፂ፣ ማን ይሰነብታል? ስንከራከር የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ሰው በጊዜ ይሰበሰብና ወሬ ይደራል፣ እኛ ሰፈር ደግሞ ወሬው ኳስ ካልሆነ ጦርነት ነው። ባለፈው ቡናው ገና ቶና ሳይደርስ ክርክር ተነሳ፣ ብዙ አገር ሆኖ የመጣ የውጭ ጦር አገሬው ውስጥ የበቀለ አማፂን እስከ መጨረሻው ችሎ ይቀመጣል ወይ ተብሎ። ግማሹ "አፍጋኒስታንን አላየህም እንዴ" ይላል፣ ግማሹ "ድሮን እያለው እንዴት ያቅተዋል" ይላል፣ እኔም መሃል ገብቼ ስጮህ አመሸሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ካወራሁት ግማሹ ስህተት ነበር፣ የነሱም እንደዛው። እና ለሚቀጥለው ክርክር ይሁነን ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

ስህተት 1፦ አፍጋኒስታንን ብቻ ይዞ መምጣት

አሜሪካና አጋሮቿ ሃያ ዓመት ቆዩ፣ ኦገስት 15 2021 ካቡል ገባ ታሊባን፣ አለቀ ፋይሉ ተዘጋ እንላለን። አንድ ምሳሌ ይዘህ ሕግ አታወጣም'ኮ። ማላያን ውሰድ፣ የዛሬዋን ማሌዥያ፣ ከ1948 እስከ 1960 እንግሊዝ ከነአውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሆና ከኮሚኒስት አማፂዎች ጋር 12 ዓመት ተዋግታ አማፂው ነው ያለቀው። ግን እንዴት አለቀ? አማፂዎቹ አብዛኞቹ ቻይናውያን ነበሩ፣ ከሌላው ሕዝብ ጋር ብዙ አልተቀላቀሉም፣ እንግሊዝ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን የሚሆን ሰው ከጫካ ዳር አንስታ አጥር ባለው መንደር አሰፈረች (የሚያስመሰግን ሥራ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጭካኔ ነበረበት) በዛ ላይ 1957 አገሪቱን ነፃ ለቀቀች። ነፃነት ከመጣ በኋላ አማፂው "ቅኝ ገዢን ላስወጣ ነው" ብሎ ማንን ይሰብስብ?

የኦማኗ ዶፋርም አለች። እዛ እንግሊዝ፣ ኢራንና ዮርዳኖስ ከሱልጣኑ ጎን ነበሩ። ወጣቱ ቃቡስ ጁላይ 1970 አባቱን አውርዶ ሥልጣን ሲይዝ ምሕረት አወጀ፣ እጁን የሰጠውን አማፂ መልሶ አስታጥቆ የራሱን ሰፈር አስጠበቀው፣ ውሃ ቆፈረ፣ ክሊኒክ ከፈተ። 1975 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ አበቃ ተባለ። ሴራሊዮንም እንደዛው፣ እንግሊዝ በ2000 ገባች፣ የተመድ ጦርም ነበረ፣ በ2002 መጀመሪያ ጦርነቱ ማለቁ ታወጀ። ስለዚህ "በፍፁም አይቻልም" የሚለው ሰውዬ ይቀመጥ።

ስህተት 2፦ ባንዲራ መቁጠር

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለን ስላደግን መሰለኝ 50 አገር ሲባል ያስደነግጠናል። አፍጋኒስታን የነበረው ጥምር ጦር በደንብ በበዛበት ጊዜ 130 ሺህ ገደማ ወታደር ከ50 የሚጠጉ አገሮች ነበረው። ግን ብዙዎቹ አገሮች የየራሳቸውን "ይሄን አላደርግም" ይዘው ነው የመጡት፣ አንዱ ከዚህ ክፍለ ሀገር አልወጣም ይላል፣ አንዱ ማታ አልዋጋም ይላል፣ አዛዡ ካርታው ላይ ያለውን ወታደር ሁሉ እንደፈለገ ማዘዝ አይችልም ማለት ነው።

እኔ ነገሩን በደቦ ነው የምረዳው። ገጠር አጨዳ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፣ ሰው ይመጣል፣ ዘፈኑም ጠላውም ይደምቃል፣ ግን የመጣው ሁሉ ቤቱ የራሱ ማሳ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰማዩ ከጠቆረ እያንዳንዱ ወደራሱ ነው የሚሮጠው። የኔዘርላንድ መንግሥት ፌብሩዋሪ 2010 ላይ የፈረሰው በዚሁ ጉዳይ ነው፣ ወታደሮቹ ይቆዩ ወይስ ይውጡ በሚል ተጣልተው፣ በዛው ዓመት ኦገስት ከነበሩበት የአፍጋኒስታን ክፍለ ሀገር፣ ከኡሩዝጋን፣ መውጣት ጀመሩ። ካናዳ በ2011 የውጊያ ሥራዋን አቆመች። ኢራቅ ላይ ደግሞ ስፔን ወታደር ነበራት፣ ማድሪድ ባቡር ላይ ቦምብ ፈንድቶ በቀናት ውስጥ ምርጫ ተደረገ፣ አዲሱ የስፔን መንግሥት ወታደሩን ሰብስቦ ወጣ፣ 2004 ላይ። አማፂው 50ውንም ማሸነፍ አይጠበቅበትም፣ ቤቱ ቀድሞ የሚናጥበትን አንዱን ካገኘ ሌሎቹ ሰዓታቸውን ማየት ይጀምራሉ።

ስህተት 3፦ ጊዜ ሁሌም ለአማፂ ይሠራል ማለት

"እናንተ ሰዓት አላችሁ፣ እኛ ጊዜ አለን" የምትለዋን አባባል ሰው በጣም ይወዳታል፣ እኔም እወዳታለሁ። ግን ጊዜ የሚሠራው ማረፊያ ላለው ነው። ታሊባን ሲደክመው ፓኪስታን ይገባል፣ ይታከማል፣ ተመልሶ ይመጣል። የማላያው አማፂ ለብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጓሮ አልነበረውም። የዶፋሩ ደቡብ የመን ነበረችው፣ መንገዱን በሽቦና በፈንጂ አጠሩበት።

ጊዜን ለአማፂ አሳልፎ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የራሱ የውጪው ጦር አፍ ነው። ኦባማ ዲሴምበር 2009 ላይ 30 ሺህ ወታደር እጨምራለሁ አለ፣ እዛው ንግግር ላይ ከጁላይ 2011 ጀምሮ ማስወጣት እጀምራለሁም አለ። አሜሪካ ላለው መራጭ ይሄ ጥሩ ዜና ነው፣ አፍጋኒስታን ሄልማንድ ላለው ገበሬ ግን "ከሁለት አጨዳ በኋላ ብቻህን ነህ" የሚል ነው የሚሰማው። ይሄን ለማስረዳት ለደሴ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም። የኛው ጦርነት የውጭ ጦር ጉዳይ አልነበረም፣ ግን ከተማዋ እጅ ስትለዋወጥ በነበረ ሰሞን ማን ጎበዝ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም፣ ጥያቄው ነገ ጠዋት እዚህ ያለው ማን ነው የሚል ነበር፣ ሰው አፉን የሚከፍተውም የሚዘጋውም በሱ ነው።

ስህተት 4፦ የቤቱን ባለቤት መርሳት

ትልቁ ይሄ ነው፣ እኔም ያመሸሁበት ስህተት ይሄ ነው። ክርክራችን ሁሉ ፈረንጅና አማፂ ብቻ ነው፣ መሃል ላይ ያለው የአገሬው መንግሥት የለም። የውጭ ጦር ቢበዛ ጊዜ ነው የሚገዛው፣ በተገዛው ጊዜ ምን ተሠራ የሚለው የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ሁለት የካቡል መንግሥቶችን አስተያይ። ሶቪየት ፌብሩዋሪ 15 1989 ጠቅልላ ወጣች፣ ሁሉም ትታው የሄደችው የካቡል መሪ ናጂቡላ በሳምንታት ይወድቃል ብሎ ነበር፣ ሰውዬው ግን እስከ ኤፕሪል 1992 ቆየ። የወደቀው ሶቪየት ራሷ ፈርሳ ገንዘቡና ነዳጁ ሲቆም ነው። በአሜሪካ ጊዜ የነበረው የፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ መንግሥት ግን የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር ኦገስት 30 ሳይወጣ፣ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሄደ። ወረቀት ላይ 300 ሺህ የታጠቀ ኃይል ነበረው፣ ከዛ ውስጥ ስሙ ብቻ ደሞዝ የሚበላ ስንትና ስንት ነበር፣ አውሮፕላኑን የሚጠግኑት የውጭ ኮንትራክተሮች ሲወጡ አየር ኃይሉም መሬት ላይ መቅረት ጀመረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው። እና ደግሞ 2020 ዶሃ ላይ አሜሪካ ከታሊባን ጋር ስትፈራረም የካቡል መንግሥት ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። የራሱ ወታደር ይሄን አይቶ ለማን ይሙት?

የማሊም ነገር አለ። ፈረንሳይ ጃንዋሪ 2013 ገባች፣ ሰሜኑን አስለቀቀች፣ ተጨበጨበላት፣ 2022 ላይ ወታደራዊው መንግሥት ነው ውጡልኝ ያላት። በሩን ያሳያት አማፂው አልነበረም፣ የቤቱ ጌታ ነው።

ስህተት 5፦ ከተማ መያዝን ማሸነፍ ማለት

ይሄን አጭር አደርገዋለሁ ምክንያቱም ሶማሊያን ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የኛ ጦር 2006 መጨረሻ ላይ ገብቶ ሞቃዲሾን በቀናት ያዘ፣ ጃንዋሪ 2009 ወጣ። የአፍሪካ ኅብረት ጦር 2007 ገባ፣ አልሸባብ ኦገስት 2011 ሞቃዲሾን ለቆ ሄደ፣ እስካሁን ግን አለ፣ የጦሩ ስም ብቻ አሚሶም፣ አትሚስ፣ አሁን አውሶም እያለ ይቀየራል። ባይደዋ የቆየ አንድ የሰፈራችን ልጅ የነገረኝ ትዝ ይለኛል፣ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ስሙን ጠይቃው አታውቅም፣ በየሳምንቱ የምትጠይቀው መቼ ነው የምትወጡት ብቻ ነበር። ገንዘቡም አለ፣ የአውሮፓ ኅብረት 2016 ላይ ለጦሩ አበል ከሚሰጠው 20 በመቶ ሲቀንስ አገሮቹ ወዲያው ነው ማጉረምረም የጀመሩት።

ስህተት 6፦ "እኛ ጣሊያንን ያለማንም ነው ያስወጣነው"

ይሄን ስናገር ሰው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ። አርበኛ አምስት ዓመት ጣሊያንን እንቅልፍ ነስቶታል፣ ከከተማና ከምሽግ ውጪ አገሩን የኔ ነው ማለት አልቻለም፣ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ጣሊያን ጁን 1940 ጦርነት ባያውጅ እንግሊዝ አይመጣም ነበር፣ በኤፕሪል 1941 ደሴን ያስለቀቀው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ነው፣ በሜይ ደግሞ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ አርበኛውም እንግሊዙም እዛ ነበሩ። አማፂም ጓደኛ ያስፈልገዋል ማለት ነው፣ ብቻውን ጣሊያንን ያደክማል፣ ለማስወጣት ግን ሌላ ነገር መገጣጠም ነበረበት።

ይሄን ስል ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው "እሺ ጣሊያን ወጣ፣ እንግሊዙስ መቼ ወጣልህ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ነው ያየሁት፣ ኦጋዴንን የለቀቁት በ1948 ነው፣ ሃውድን ደግሞ 1955 ላይ። ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ።